ጨው ከየት ይመጣል፣ የት ይቀራል? የቡልቡላን ተፋሰስ የጨዋማነት ስጋት ካርታ ራስዎ የሚሠሩበት መመሪያ

በቦሌ ቡልቡላና ከዚያ በታች ባሉት የአቃቂ ሜዳዎች አትክልት የሚያለሙ፣ ጉድጓድ ያስቆፈሩ ወይም ቤት የሠሩ ሰዎች በየበጋው አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሳሉ። የሰላጣው ቅጠል ጠርዙ ለምን ይቃጠላል? አፈሩ ላይ የወጣው ነጭ ነገር ምንድን ነው? የብሎኬቱ ግድግዳ ከሥሩ ለምን ይላጣል? አብዛኛው ሰው አንድ ላስቲክ አፈር ዘግኖ ላቦራቶሪ ይወስድና አንድ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ቁጥሩ አፈሩ ስለተዘገነባት ቦታ እውነቱን ይናገራል። ጨው ከየት እንደመጣና ወዴት እያመራ እንደሆነ ግን ከአንድ ላስቲክ አፈር አይገኝም፤ ለዚህ ካርታ ያስፈልጋል። የአምራች ማኅበር አባልም ይሁኑ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ወይም ተማሪ፣ የሚከተሉት ደረጃዎች አይከብዱዎትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ደጋ ናት፤ ክረምቱ አፈሩን ያጥባል። እንደ ሞቃታማዎቹና ደረቆቹ የአዋሽ ሸለቆ የመስኖ ቦታዎች፣ እንደ አሚባራ ወይም እንደ መተሐራ፣ አይደለችም። ስለዚህ በትክክል የተሠራ የቡልቡላ ካርታ አብዛኛው አረንጓዴ ሆኖ እዚህም እዚያም ጥቂት ቀይ ቦታ ይኖረዋል። ካርታዎ ከዳር እስከ ዳር ከቀላ ከመደንገጥዎ በፊት መለኪያዎን ይፈትሹ።

1. ድንበሩን ውሃው በሚሄድበት ያስምሩ

የወረዳ ድንበር ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ጨው የሚጓዘው በውሃ ስለሆነ ድንበሩም የውሃው ነው። ኮምፒውተር፣ በነፃ የሚገኘው ኪውጂአይኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራም፣ እንዲሁም በነፃ የሚወርደው ኤስአርቲኤም የተሰኘ የ30 ሜትር የመሬት ከፍታ መረጃ ይበቃዎታል። ፕሮግራሙ ውሃ የሚከፈልባቸውን ጀርባዎች ፈልጎ መስመር ያወጣል። ከላይ በኩል እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከታች የአቃቂ ሜዳ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

መስመሩን ግን እንዳለ አይቀበሉት። ቡልቡላ አካባቢ መሬቱ ሜዳማ ነው፤ በዚያ ላይ የኤርፖርቱ ሜዳ፣ የአስፋልቱ ዳር ቦይና በየኮንዶሚኒየሙ ሥር የተቀበረው ቱቦ ውሃውን ከተፈጥሮ መንገዱ አውጥተው ሌላ ቦታ ይጥሉታል። የከፍታ መረጃው ይህን አያውቅም። ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ጃንጥላና ቦት ጫማ ይዘው ይውጡ፤ ጎርፉ ከየትኛው ቱቦ ወጥቶ ወደየትኛው ጅረት እንደሚገባ ስልክዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። የአንድ ከሰዓት ዝናብ ኮምፒውተሩ የሳለውን መስመር በብዙ ቦታ ያስተካክልልዎታል።

መረጃ ሲፈልጉ ደግሞ ስሙ እንዳያሳስትዎ ይጠንቀቁ። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ አብያታ የሚገባው ወንዝም ቡልቡላ ነው። አብያታ ጨዋማ ሐይቅ ስለሆነ በዚያ ቡልቡላ ዙሪያ ስለ ጨው ብዙ ተጽፏል። የስምጥ ሸለቆውን ቁጥር አምጥቶ ቦሌ ላይ መለጠፍ ካርታውን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል።

ካርታው ከታች በኩል የሚያበቃው የአካባቢው ጅረቶች ትልቁ አቃቂ የሚገቡበት ላይ ነው። ውሃው ግን በዚያ አያበቃም። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ከትንሹ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ከእርስዎ ማሳ የታጠበው ጨው ከአዋሽ ተፋሰስ የሚወጣበት በር የለውም ማለት ነው። የፋብሪካና የፍሳሽ መውጫዎችን ሲመዘግቡ ይህን ልብ ይበሉ።

2. ሦስት ዝርዝር ይጻፉ

ሜዳ ከመውጣትዎ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ለያይተው ይጻፉ፦ ጨው ያለበት ቦታ፣ ጨውን የሚያንቀሳቅስ ውሃ፣ ጨው ቢደርስበት የሚጎዳ ነገር። ስጋት አለ የሚባለው ሦስቱ ሲገናኙ ነው። ጨዋማ ጉድጓድ ውሃው ካልተቀዳ ማንንም አይጎዳም፤ ቀለል ያለ ጨው ያለው ውሃ ግን ዓመቱን ሙሉ መውጫ የሌለው መደብ ላይ ከፈሰሰ ይጎዳል።

በዚህ አካባቢ በመጀመሪያው ዝርዝር ከሚገቡት መካከል የሽንት ቤት ጉድጓዶችና የሚያፈሱ የፍሳሽ መስመሮች፣ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ በብዛት የተነሰነሰ ማዳበሪያ፣ የሲሚንቶና የጅፕሰም ፍርስራሽ የሚደፋባቸው ገደሎች ይገኛሉ። የጥልቅ ጉድጓድ ውሃንም አይርሱ። የፍልውሃ ውሃ በሶዲየም ባይካርቦኔት የበለጸገ እንደሆነ ይታወቃል፤ ከጥልቅ ስንጥቅ የሚመጣ ሞቅ ያለ ውሃ ያገኘ ጉድጓድም ተመሳሳይ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ከጉድጓዱ ሲወጣ ለብ ይል እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ይህን ማወቅ ምንም ወጪ የለውም።

3. ያለውን መረጃ ይሰብስቡ፣ ሳተላይቱን ግን በልኩ ይመኑ

የድንጋይና የአፈር ካርታ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ መዝገብ፣ የዝናብ መረጃ ከየሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚጠቅመው የጉድጓድ መዝገቡ ነው፤ ውሃው በስንት ሜትር እንደተገኘና ላቦራቶሪ ምን እንዳለ ይነግርዎታል።

የሳተላይት ምስልን በተመለከተ፣ ሴንቲኔል 2 በነፃ የሚሰጠው የ10 ሜትር ምስል ለአፋር ሜዳ ግሩም ነው። ለከተማ ግን አደገኛ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያና አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ከላይ ሲታዩ እንደ ጨው ያበራሉ። ምስሉን ሕንፃ የሌለበትን ማሳ ለመለየትና በጥር ወር እንኳ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየውን ረግረግ ለማግኘት ብቻ ይጠቀሙበት። በበጋ አረንጓዴ የሆነ ቦታ ውሃው ለምድር ፊት የቀረበ መሆኑን ይጠቁማል።

4. መሬቱን በመልኩ ይከፋፍሉ

ተፋሰሱን በአራት ይክፈሉት፦ ጀርባው፣ ተዳፋቱ፣ ተዳፋቱ ወደ ሜዳ የሚሰበርበት ግርጌ፣ የወንዙ ዳር። ጨው ከሁሉ በላይ የሚወደው ሦስተኛውን ነው። ከላይ የሰረገው ውሃ ግርጌው ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። የናሙና ቦታ ሲመርጡ ለእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ 5 ነጥብ ይስጡ፤ ለግርጌውና ለወንዙ ዳር እጥፍ ያድርጉት። ካርታው ላይ አራት ማዕዘን እየሳሉ በየ200 ሜትሩ ነጥብ ማስቀመጥ ያምር ይሆናል፤ ግማሹ ነጥብ ግን የሰው ሳሎን ውስጥ ይወድቃል።

5. መሣሪያዎን ያዘጋጁ

ዋናው መሣሪያ በኪስ የሚያዝ ኢሲ ሜትር ነው፤ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ይለካል፣ ጨው በበዛ ቁጥር አቅሙም ይጨምራል። ቁጥሩ የሚነበበው በማይክሮ ሲመንስ ወይም በዴሲ ሲመንስ በሜትር ነው። 1,000 ማይክሮ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ማለት 1 ዴሲ ሲመንስ በሜትር ነው፣ ይህም በግምት በአንድ ሊትር ውስጥ 640 ሚሊ ግራም የሟሟ ጨው ይሆናል። ከዚህ በታች "ዴሲ" ስል ይህንኑ ማለቴ ነው። አንዱን መስፈርት መርጠው እስከ መጨረሻው በሱ ይጻፉ፤ በአንድ መዝገብ ላይ ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ካርታው በአንድ ሺህ እጥፍ ይሳሳትበታል።

ሜትሩን በየማለዳው 1,413 ማይክሮ ሲመንስ በሆነው የማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉ። ሙቀትን በራሱ የማያስተካክል ሜትር ከሆነ የውሃውን ሙቀትም ይመዝግቡ፤ በየ1 ዲግሪው ንባቡ ወደ 2 በመቶ ይለዋወጣል።

ለአፈሩ ምርመራ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ያገለግላል፤ ግን ሻጩ አሲዱን እንዳይሰጥዎ ያረጋግጡ፣ ቤት ሲደርሱም መጀመሪያ ውሃውን ራሱን ይለኩ። ከ10 ማይክሮ ሲመንስ በላይ ካነበበ ሌላ ይግዙ። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ዶማ፣ ከተገኘም የአፈር መሰርሰሪያ አውገር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ክዳን ያለው የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የማይለቅ ማርከርና ጂፒኤስ ያለው ስልክ ነው። የጎማ ጓንትም ይያዙ። የአቃቂ ገባር ጅረቶች የፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ ይዘው የሚወርዱ ናቸው፤ እጅ የሚነከርባቸው አይደሉም። ቀምሶ "ይህ ይጨዋል" ማለትም ይቅር።

6. መጀመሪያ ውሃውን ይለኩ

ብዙ ሰው ከአፈር ይጀምራል። እኔ ከውሃ ጀምሩ እላለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አፈሩን የት መቆፈር እንዳለብዎም ይነግርዎታል። ጊዜው ጥር ነው፦ ጎርፉ አልፏል፣ በልጉ አልገባም፣ ጅረቱ ውስጥ የቀረው ከምድር ሥር የሚመነጨውና ከሰው ቤት የሚወጣው ብቻ ነው።

ከላይ ወደ ታች በጅረቱ ዳር ይሂዱ። በየ300 ወይም 400 ሜትሩ፣ እንዲሁም ከእያንዳንዱ ቱቦና ገባር በላይና በታች ይለኩ። ውሃውን ከሚፈስበት መሐል እንጂ ከተኛበት ዳር አይቅዱ፤ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ከዚያ ይሙሉት። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ልዩነቱን ይከታተሉ። ሁለት ነጥቦች መካከል ንባቡ በአንድ ጊዜ ከዘለለ በዚያች መንገድ ላይ ጨው የገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። ወደኋላ ተመልሰው በየ50 ሜትሩ እየለኩ ያጥብቡት። በመጨረሻ የሚያገኙት የተሸሸገ ቱቦ ወይም ከግንብ ሥር የሚያዥ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ካርታው ላይ በጣም ዋጋ የሚኖረው ይህ ነጥብ ነው።

ጉድጓድ ሲለኩ ፓምፑ ለ10 ደቂቃ ያህል ይሥራ፤ ቱቦው ውስጥ ያደረው ውሃ የምድሩን ውሃ አይወክልም። ሮቶ ውስጥ ከቆየ ውሃ አይቅዱ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ከሆነ በገመድ ላይ ድንጋይ አስረው ውሃው በስንት ሜትር እንዳለ ይለኩ። ይህችን ልኬት ብዙዎች ይዘሏታል፤ እኔ ግን ከኢሲው እኩል ነው የማያት። በጭቃማ አፈር ላይ ውሃው ወደ 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ምድር ፊት ከቀረበ፣ እንደ ክር ወደ ላይ እየተሳበ ጨውን ሥር ወዳለበት ያመጣዋል። አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ የሆነው ይኸው ነው፦ መስኖው የመጣው ከአዋሽ ነው፣ ውሃውም ክፉ አልነበረም፤ መውጫ ስላልነበረው ግን ከሥር ያለው ውሃ ከፍ አለ፣ ጨውንም ይዞ ወጣ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። ሁለቱም ቦታ ጥፋቱ ለዓይን ከመታየቱ በፊት በገመድና በድንጋይ ሊታወቅ ይችል ነበር።

ለመስኖ የሚሆን ውሃ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) መለኪያ ከ0.7 ዴሲ በታች ከሆነ አያሳስብም፤ ከ0.7 እስከ 3 ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከ3 በላይ አጠቃቀሙ ከባድ ገደብ ያስፈልገዋል። ኢሲ ሜትር ግን ጨውን እንጂ ክሮሚየምን ወይም ጀርምን አያይም። ዝቅ ያለ ንባብ "ንጹሕ ውሃ" ማለት አይደለም፤ ይህን ካርታው ግርጌ ላይ በደማቁ ይጻፉት።

ስለ ሰዎቹም አንድ ነገር ልበል። በዚህ ሰፈር መሣሪያ ይዞ ሰው አጥር ሥር የሚያጎነብስ ሁሉ መሬት ሊለካ ወይም ሊያፈርስ የመጣ ይመስላል። ከወረዳው ደብዳቤ ይያዙ፣ ከዚያ በፊት ግን የሰፈሩን ሽማግሌ ወይም የእድሩን ሊቀ መንበር ያነጋግሩ። "እማማ፣ ውሃዎን ለክቼ ውጤቱን ለእርስዎው እነግርዎታለሁ" ብለው ይጀምሩ፤ ውጤቱንም በእርግጥ ይንገሯቸው።

7. ቀጥሎ አፈሩን ይቆፍሩ

ውሃው ባመለከተው ቦታ፣ እንዲሁም ለማነጻጸር ደህና በሚመስል ቦታ ይቆፍሩ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ከ0–20፣ ከ20–40፣ ከ40–60 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቻለም እስከ 1 ሜትር ለየብቻ ይውሰዱ። ደባልቀው ከወሰዱ ዋናውን መልስ ያጣሉ፦ ጨው ላይ በዝቶ ወደ ታች ከቀነሰ ከሥር እየተሳበ ነው፤ ወደ ታች እየጨመረ ከሄደ ዝናብና መስኖ እያጠቡት ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት መድኃኒት ተቃራኒ ነው፦ የመጀመሪያው ውሃ ማውጫ ቦይ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ምንም አይፈልግም።

ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ ውስጥ አይውሰዱ፤ የላዩ አፈር ወደዚያ ስለሚወድቅ ጥልቀቱ ይዋሻል።

አፈሩን ጥላ ላይ ያድርቁ፣ ይሰብሩ፣ ይንፉ። 20 ግራም አፈር ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው 100 ሚሊ ሊትር የባትሪ ውሃ ያድርጉበት፤ አንድ ሰዓት እየደጋገሙ ይናጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት፣ የጠለለውን ይለኩ። ይህ ንባብ የሥሩን እውነተኛ ኑሮ አያሳይም፣ ምክንያቱም ውሃው በዝቷል። በከባድ ጭቃ አፈር ላይ በ6 ገደማ ያባዙት፤ በአሸዋማ አፈር ላይ ማባዣው ከ12 በላይ ይሆናል። ለምሳሌ መረሬው 0.35 ካነበበ 0.35 በ6 ሲባዛ 2.1 ዴሲ ይሆናል። ቲማቲም እስከ 2.5 ድረስ ምርቱ አይቀንስም፤ ጥቅል ጎመን ከ1.8፣ ሰላጣ ከ1.3፣ ሽንኩርት ከ1.2፣ ካሮት ከ1 ጀምሮ ይቀንሳል። ቀይ ሥር እስከ 4 ይችላል። ስለዚህ በዚያ መደብ ላይ ቲማቲሙ ደህና ሆኖ ሽንኩርቱ ቢቀጭጭ አይገረሙ። በአጠቃላይ 4 ዴሲ የደረሰ አፈር ጨዋማ ይባላል።

ነጭ ሁሉ ጨው እንዳይመስልዎ። መረሬ ውስጥ የኖራ ጠጠሮች በተፈጥሮ አሉ። ነጩን ፍቀው ትንሽ የባትሪ ውሃ ውስጥ ይጨምሩ፤ ከሟሟና ሜትሩ ከዘለለ ጨው ነው። ካልሟሟ አቼቶ ጠብ ያድርጉበት፤ ከተንቸሰቸሰ ኖራ ነውና ይተዉት።

ሶዲየም ለብቻው ሌላ ጣጣ አለው፤ ኢሲው ዝቅ ብሎ እንኳ አፈሩን ይገድላል። ፈተናው ቀላል ነው። ፍሬ ባቄላ የምታህል ደረቅ ጓል ብርጭቆ ውስጥ ባለ የባትሪ ውሃ ላይ ቀስ ብለው ያስቀምጡና ሳይነኩ ይተዉት። ደህና ጓል ይፈረፈራል፣ ውሃው ግን ንጹሕ ይቆያል። ሶዲየም የያዘው ጓል ዙሪያውን ወተት የመሰለ ደመና ያወጣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደመናው ታቹን ከሸፈነ፣ በፒኤች ወረቀት የሚለካው ፒኤቹም ከ8.5 በላይ ከሆነ፣ ያንን ናሙና ሶዲየም እንዲለካልዎ ላቦራቶሪ ይላኩ። ገንዘብዎን ለዚህ ያቆዩት።

8. ግድግዳውን በጥርጣሬ ይዩ

አዲስ የብሎኬት ግድግዳ ከሲሚንቶው የወጣ ነጭ ዱቄት ሊተፋ ይችላል፤ ታጥቦ ካልተመለሰ አይመዝግቡት። በየበጋው የሚመለስ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ የሚታይና ልስኑን የሚልጥ ከሆነ ግን ውሃ ከሥር እየሳበ ነው። የነዚህን ቤቶች ቦታ ከጉድጓዶቹ ጥልቀት ጋር ያስተያዩት።

9. ካርታውን ይሳሉ

ሁለት ካርታ ይሥሩ እንጂ አንድ አይሥሩ፤ አንዱ ዛሬ ያለውን ጨው፣ ሌላው ሊመጣ የሚችለውን ያሳይ። በሁለተኛው ላይ አፈሩ ከ4 ዴሲ፣ ወይም የመስኖ ውሃው ከ3 ካለፈ ቀይ ይቀቡ። ከምድር ሥር ያለው ውሃ በ2 ሜትር ውስጥ ሆኖ ኢሲው ከ0.7 ካለፈም፣ አፈሩ ዛሬ ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ ያው ቀይ ነው። አፈሩ ከ2 እስከ 4፣ ወይም የመስኖ ውሃው ከ0.7 እስከ 3 ከሆነ ቢጫ ያድርጉት። ያልደረሱበትን በሰያፍ መስመር ይሙሉት፤ አረንጓዴ አያድርጉት። ያልተለካ መሬት ጤነኛ መሬት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ ነጥቦቹን እያያያዘ ቆንጆ ቀለም ይነሰንስልዎታል፤ የወንዝ ዳር አንድ ጨዋማ ነጥብ ኮረብታውን ጨምሮ ያቀላዋል። ቀለሙ ከአንዱ የመሬት ክፍል ወደሌላው እንዳይሻገር በ4ኛው ደረጃ የሳሉትን ድንበር ያስገድዱት። ነጥቦቹንም አይደብቁ፤ እያንዳንዱ ከቀኑና ከንባቡ ጋር ይታይ። ነጥብ የሌለው ባለቀለም ካርታ ሲያዩ አይመኑት፤ የራስዎም ቢሆን።

አንድ የጥንቃቄ ነጥብ አለ። የጉድጓድ ባለቤቶችን ስምና የቤት ቁጥር ለሕዝብ በሚወጣው ካርታ ላይ አይጻፉ። ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ ቀይ ቀለም ዋጋ ይሰብራልና።

10. ይደግሙት

አንድ ዙር ፎቶግራፍ ነው። ክረምቱ እንዳለቀ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ በእነዚያው ነጥቦች ይመለሱ፤ ከዚያም በሚቀጥለው ጥር። የጥቅምቱ ንባብ ከጥር ወሩ ንባብ እጅግ ዝቅ ካለ ክረምቱ አጥቦታል፣ አፈሩም ውሃ ያሳልፋል። ካልወረደ መውጫው የተዘጋ ነው፤ የዚያን ቦታ የጉድጓድ ጥልቀት በየወሩ ይለኩ። በየነጥቡ አጠገብ የማይነቀል ነገር፣ የመብራት ምሰሶ ወይም የድልድይ ጥግ፣ መዝገቡ ላይ ይጻፉ። ቡልቡላ ላይ ዘንድሮ ማሳ የነበረው ለከርሞ መሠረት ይወጣለታል፤ ጂፒኤሱ ወደ ቦታው ቢያደርስዎም ቦታው ራሱ ተቀይሮ ሊጠብቅዎ ይችላል።